በሴት በኩል የሚቆለፍ ኮት

«እማማ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ በዚያ ዘመን ሴት የወንድ ኮት አትሰፋም ነበር» አለኝ።

ለእኔ ነው እንግዲህ። መርፌ ከያዝኩ ሰባ ዓመት ላለፈኝ ሴት። የሚናገረው ደግሞ የገዛ ሱሪው ጠርዝ ተተርትሮ በእስፒል ያያያዘ ልጅ ነው። አንገቱ ላይ ፎቶው ያለበት ካርድ አንጠልጥሏል፤ ኃላፊ መሆኑ እንዳይረሳው ይመስለኛል። መነጽሩን ወደ ላይ ገፋ አድርጎ፣ ድምፁን ለደንቆሮ እንደሚናገር ከፍ አድርጎ፣ ፈገግ አለልኝ። ሰው ቢሰድበኝ መልሼ እሰድባለሁ፣ አንድ ለአንድ ነን። ፈገግ እያለ የማያምነኝን ግን ምን እንደማደርገው አላውቅም።

ነገሩ እንዲህ ነው። በወጣትነቴ የሠራሁበት የዳንስ አዳራሽ ስንት ዘመን መጋዘን ሆኖ ከኖረ በኋላ ታድሶ የድሮ ዕቃ ማሳያ ሊሆን ነው። ለሕዝብ የሚከፈተው በዚህ እሑድ ነው። የጎረቤቴ ልጅ እዚያ መስኮት ትወለውላለች። «እማማ፣ ያ ሁልጊዜ የሚያወሩት አዳራሽ ተከፈተ እኮ፤ ከመጋዘኑ የተገኘ አንድ የሚያምር ኮትም አለ፣ መጥተው ይዩት» አለችኝ። ሰኞ ዕለት በምርኩዜ ሄድኩ።

ኮቱን በመስታወት ሣጥን ውስጥ ራስ የሌለው የወንድ አሻንጉሊት ለብሶት ቆሟል። ከሥሩ ጽሑፍ አለ። እኔን ፊደል ያስቆጠረኝ የለም፤ ከክር ሣጥን ላይና ከጋዜጣ ቅዳጅ እየለቀምኩ ራሴን ያስተማርኩ ስለሆንኩ ቀስ ብዬ ነው የማነበው። «የወንድ ኮት። ባለቤቱ ያልታወቀ ወጣት። የሠራው ያልታወቀ የወንድ ልብስ ሰፊ» ይላል። አጠገቡ ደግሞ ለሠራተኞቹ የተጻፈች ትንሽ ወረቀት በእስፒል ተይዛለች፦ «ቁልፎቹ በስህተት በሴት በኩል ስለተተከሉ ከመክፈቻው በፊት ይስተካከሉ።»

ምርኩዜን ባልይዝ ኖሮ እዚያው ተዘርግቼ እነሱው ያልታወቀች አሮጊት ብለው በመስታወት ይከቱኝ ነበር።

«ይህን ኮት የሰፋሁት እኔ ነኝ» አልኩት ባለመነጽሩን ልጅ። ያን ጊዜ ነው ያንን ያለኝ። ቀጥሎም «የወንድ ልብስ ሰፊዎቹን መዝገብ አይተናል፤ አንድም ሴት የለችበትም። እርስዎ ቀሚስ ሰፊ ነበሩ ይሆናል። ተምታቶብዎት እንዳይሆን» አለኝ።

ተምታቶብኝ! ቤቴ ገብቼ ሦስት ቀን ሙሉ ድስትና ክዳን አጋጨሁ። በአራተኛው ቀን ግን እጄ ቆመ። «ሴት የወንድ ኮት አትሰፋም» የሚለውን ቃል በዚያው አዳራሽ ውስጥ፣ በዚያው ወለል ላይ፣ ከዚህ ልጅ በፊት የተናገረ ሌላ ሰው እንደነበረ ትዝ አለኝ። ትዝ አለኝ ማለቴ ውሸት ነው። ረስቼው አላውቅም።

ሁለት እህትማማቾች ነበርን። እናታችን ትንሿን እንደወለደች ሞተች፤ አባታችን እኔ ሃያ ዓመት ሲሞላኝ ተከተላት። የተረፈን አንድ ክፍል ቤት፣ አንድ የስፌት መኪና፣ አንድ የአባታችን ካፖርት ነው። አባታችን ትከሻው በር የሚያህል ሰው ስለነበር ካፖርቱ ለሁለታችን ብርድ ልብስ ሆኖን ከረመ።

እህቴ በአራት ዓመት ታንሰኛለች፤ በቁመት ግን በአንድ ክንድ ትበልጠኛለች። ሰፈሩ «መሰላል» ነበር የሚላት። የማንም ቤት አምፖል ሲቃጠል እሷን ነው የሚጠሩት። ስትስቅ አፏን በእጇ ትሸፍናለች፤ በር ስትገባ ለመቃኑ አንገቷን ትሰብራለች። ከሁሉ ሰው ይቅርታ የምትጠይቅ ትመስል ነበር፣ ቦታ ስለያዘች።

እኔ የምሠራው በዳንስ አዳራሹ መግቢያ፣ ከበሩ አጠገብ ባለች አልጋ በማታስገባ ክፍል ውስጥ ነው። ዳንሱ እሑድ ከሰዓት በኋላ ነው። ሥራዬ የተረገጠ ጠርዝ መልቀም፣ የተበጠሰ ቁልፍ መትከል፣ ያጠረ ጉርድ ማስረዘም። ጉርድ የሚያጥረው ደግሞ ሜትሩ አጠረ ሲል ነው።

ሜትሩ የምንለው የበሩን ሰውዬ ነው። ድሮ ስመ ጥር የወንድ ልብስ ሰፊ ነበር አሉ፤ እጁ መንቀጥቀጥ ሲጀምር መቀሱን አስቀመጠ። የልኬት ሜትሩን ግን ከአንገቱ አላወረደም። ሰው ሁሉ ጋሼ እያለ አንቱ ይለዋል፤ እኔም በአፌ አንቱ፣ በሆዴ አንተ እለው ነበር። ሴት ስትመጣ ጎንበስ ብሎ ይለካል፤ ጉርዱ ከጉልበት በታች አንድ ስንዝር መውረድ አለበት። ጓንት የሌላት አትገባም። ወንድ ያለ ኮትና ያለ ከረባት አይገባም። የቀረውን ሕግ በየሳምንቱ በሩ ላይ ሲጮኽበት በቃሌ ወጣሁት፦ ሴት በግራ ግድግዳ ወንበር ላይ ትቀመጣለች፣ ወንድ በቀኝ በኩል ይቆማል። ወንድ አቋርጦ መጥቶ ይጠይቃል፤ ሴት አትጠይቅም። አንዱን እምቢ ያለች እስከ ዕረፍት ድረስ ከሌላ ጋር አትነሣም። ሴት አዳራሹን ብቻዋን አታቋርጥም፤ ያስነሣት ወንድ ይመልሳታል። ሴት ከሴት ጋር አትደንስም። ወንድ ይመራል፣ ሴት ትከተላለች።

አንድ ቀን «ጋሼ፣ የወንድ ኮት አሰፋፍ ያስተምሩኝ» ብዬ ለመንኩት። ከት ብሎ ሳቀ። «የሴት እጅ የወንድ ትከሻ አያውቅም። አንቺ ጠርዝሽን ልቀሚ» አለኝ። ያቺ ቃል እንደ አጥንት ጉሮሮዬ ላይ ቀረች። እኔ ደግሞ ሲያርሙኝ የምወድ ሰው አልነበርኩም። አሁንም አይደለሁም። የሰፋሁት ላይ ጣቱን ጠቁሞ «እዚህ ጋ ተጣሟል» ያለ ሰው ሁለተኛ ደጄን አይረግጥም ነበር። እህቴ ይህን ከማንም በላይ ታውቅ ነበር።

በሳምንቱ መካከል፣ ቤታችን ውስጥ፣ በአልጋውና በስፌት መኪናው መካከል ባለችው ቦታ ዳንስ እንለማመዳለን። እርምጃውን እኔ በክፍሌ በር ሽንቁር እያየሁ አምጥቼ አስተማርኳት። ግን የሴቷን እርምጃ ለራሴ ያዝኩ። አንድ ቀን አንዱ ከዚያች ጠባብ ክፍል ይጠራኛል ብዬ ነዋ። «አንቺ ረጅም ነሽ፣ ወንዱን ሁኚ» አልኳት። ሆነችልኝ። ሁለት ዓመት ሙሉ በግራ እግሯ ወደፊት፣ እኔ በቀኜ ወደኋላ። መዳፏን ጀርባዬ ላይ ጣል አድርጋ፣ ልዙር ስትል ገፋ፣ ልመለስ ስትል ሳብ። እንደ እሷ አድርጎ የሚመራ ወንድ በዚያ አዳራሽ አይቼ አላውቅም። ዓይኔን ጨፍኜ እንኳ አልጋው ጋ አልጋጭም ነበር።

ማንም አልጠራኝም። እሱ የእኔ ጉዳይ ነው፤ እለፉት።

አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሲሞላት ሮዝ ቀሚስ ሰፋሁላትና ወደ አዳራሹ አስገባኋት። ዘመዷን አስገባች እንዳልባል እህቴ መሆኗን እዚያ ለማንም አልተናገርኩም። በሦስተኛው ሙዚቃ አንድ የማተሚያ ቤት ሠራተኛ አቋርጦ መጣ። ጣቶቹ ላይ ቀለም አለ፣ ጎንበስ ሲል ጆሮው ይቀላል። እሷም ቀላች። ከክፍሌ ሆኜ መርፌዬን አፌ ውስጥ ይዤ አየሁ። እህቴን በሕይወቷ ወንድ ሲጠይቃት የመጀመሪያዋ ነው።

ሙዚቃው ጀመረ። እሱ በግራ እግሩ ወደፊት መጣ። እሷም በግራ እግሯ ወደፊት ሄደች። ግንባር ለግንባር ተጋጩ። እንደገና ሞከሩ፤ እንደገና እሷ ልትመራው ገፋችው። ሌላ እርምጃ የት አውቃ! እኔ የሴቷን መቼ አሳይቻት!

«ኧረ ከሁለቱ ወንዱ የትኛው ነው?» አለ አንዱ ከቀኝ ግድግዳ። አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። የማተሚያ ቤቱ ልጅ «ልትነጂኝ ነው እንዴ?» አላትና ለቋት ሄደ። ወደ ወንበሯ ሳይመልሳት። ሴት ደግሞ ብቻዋን አታቋርጥም። ስለዚህ ሙዚቃው እስኪያልቅ በሮዝ ቀሚሷ፣ በነጭ ጓንቷ፣ መሐል ላይ እንደ ምሰሶ ቆመች። ሰው በዙሪያዋ ይዞራል። እኔ ከክፍሌ በር አልተነቃነቅኩም፤ የሥራ ሴት ወለሉን አትረግጥም።

ከዚያ በኋላ አምስት ወር በየእሑዱ መጥታ ወንበር አሞቀች። አንድም የጠየቃት የለም። «ምን ይጎትትሻል፣ ቤትሽ አትቀመጪም?» እላታለሁ።

«ሙዚቃው ቤት ድረስ አይሰማም፣ እትዬ።»

አንድ ማለዳ ሮዝ ቀሚሷን ቀድዳ መስኮት ስትጠርግበት ደረስኩ። ጮኽኩባት። ጨርቁን በእጇ እንደያዘች ዞረችና «እትዬ፣ ኮት ስፊልኝ» አለችኝ።

«የምን ኮት?»

«የወንድ። ሱሪም።»

«ጤና የለሽም?»

«እዚያ ግድግዳ ሥር ስንት ሴት እንደሚቀመጥ ታውቂያለሽ? አጣቢዋ አለች፣ እግሯ ትልቅ ነው ብለው ሦስት ዓመት ማንም ያላነሣት። ጉንጯ የተቃጠለው ልጅ አለች። በየሳምንቱ ጓንታቸውን አጥበው ይመጣሉ፤ ጓንታቸው ሳይቆሽሽ ይመለሳሉ። እኔ የማውቀው የወንዱን ነው አይደል? እንግዲያ ወንዱን ልሁን።»

እውነቱን ልናገር። አዝኜላት አይደለም እሺ ያልኩት። የመጣልኝ ሜትሩ ነው። በሴት እጅ የተሰፋ የወንድ ትከሻ በዓይኑ ሥር፣ በአፍንጫው ሥር ላሳልፍበት! ሌላ ምንም አልታየኝም።

የአባታችንን ካፖርት ስፌት በስፌት ተረተርኩት። ትከሻ ውስጥ ምን እንዳለ፣ ኮሌታ በምን እንደሚቆም፣ ከሬሳ እንደሚማር ሐኪም ከእሱ ተማርኩ። ከዚያ በእሷ ልክ እንደ አዲስ ቆረጥኩት። ለገበሩ ጨርቅ ቢያጥረኝ ግራ ብብቷ ሥር የዚያን የሮዝ ቀሚስ ቅዳጅ አስገባሁ። ስድስት ሳምንት ፈጀብኝ። ቁልፎቹን የተከልኩት በመጨረሻው ቀን ነው፤ በጥድፊያ፣ ስለሌላ ነገር እያሰብኩ። እጄ ከዓይኔ ቀድሞ ሄደ።

የወንድ ኮት ግራው በቀኙ ላይ ይደረባል። የሴት ቀኙ በግራው ላይ። ልብስ ሰፊ ያልሆነ ሰው ዕድሜውን ሙሉ ለብሶ ላያስተውለው ይችላል። እኔ አሥራ ሁለት ዓመት የሴት ልብስ ብቻ ስሰፋ የኖርኩ ነኝ። ቀዳዳዎቹን በቀኙ በኩል ቀደድኩ። ባየውም ለዓይኔ ትክክል ነው፤ የሰፋሁት ልብስ ሁሉ እንደዚያ ነዋ።

ፀጉሯን በመቀሴ ቆረጥኩላት። በአዳራሹ አምስት ወር ሙሉ አንገቷን ደፍታ ስለተቀመጠች ፊቷን ልብ ያለው የለም። ስትለብሰው ቀና አለች። እውነቴን ነው፣ ያቺ ልጅ በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ አንገቷን ሳትሰብር ቆመች። ቁልፎቹን በጣቷ ዳሰስ ዳሰስ አደረገች። አንዴ ወደ እኔ አየች፣ አንዴ ወደ ቁልፉ።

«ምነው? ጠበበሽ?» አልኳት፣ ለጠብ ተዘጋጅቼ።

«ኧረ ልክ ነው፣ እትዬ። ልክክ ብሏል።»

በመጀመሪያው እሑድ ኮቱን ክፍት አድርጋ፣ አንድ እጇን ኪሷ ከትታ፣ እንደ ጎረምሳ ዘና ብላ ገባች። ሜትሩ አስቆማት። ትከሻውን በሁለት ጣቱ ነካ አደረገና «ማን ሰፋልህ?» አላት።

«ከአባቴ ያገኘሁት ነው» አለች ድምፅዋን አወፍራ። አልዋሸችም።

«ትከሻውን የቆረጠው ሰው እጁ ይባረክ» አለ።

በዚያ ቀን በክፍሌ ውስጥ ብቻዬን ሳቅሁ። ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም እንደዚያ ስቄ አላውቅም።

እሷስ? መጀመሪያ አጣቢዋን አስነሣች። አቋርጣ ሄዳ ጎንበስ ስትል አጣቢዋ ወደ ኋላዋ ዞራ አየች፣ ሌላ ሴት የተጠየቀች መስሏት። እነዚያ ትልልቅ እግሮች ወለሉን ሳይነኩት የሚሄዱ መሰሉ። ቀጥሎ ጉንጯ የተቃጠለውን ልጅ፤ ያቺ ልጅ ሁልጊዜ የተቃጠለውን ጎኗን ወደ ግድግዳ አዙራ ነበር የምትቀመጠው፤ እህቴ አዙራ አዙራ በሁለቱም በኩል ለሰው አሳየቻት። ሲያልቅ እያንዳንዳቸውን እስከ ወንበራቸው መለሰች። መሐል ላይ የቀረ የለም።

ሁለተኛው እሑድም እንዲሁ። በሦስተኛው እሑድ ቤት ውስጥ ስትለባብስ እኔ ከኋላዋ ሆኜ ትከሻዋን በብሩሽ እጠርጋለሁ።

«ዛሬስ ቆልፊው» አልኳት።

«ክፍት ይሻላል፣ እትዬ።»

«ምኑ ነው የሚሻለው? ወገቡን ያን ያህል የደከምኩበት ለማን ነው? ትከሻውን አይቶ መርቆኛል፤ ወገቡን ቢያይ ምን ሊል ነው! እንደ ከረጢት አንጠልጥለሽው እየሄድሽ ሥራዬን ታዋርጅዋለሽ።»

«ይሞቀኛል ብዬ ነው እኮ…»

«አንቺ ደግሞ! ቆልፊው ብያለሁ።»

ከኋላዋ ሆኜ ጣቶቿን አላየሁም፤ ክርኖቿ ሲንቀሳቀሱ ብቻ አየሁ። ሦስቱንም ቆለፈችው።

በሁለተኛው ሙዚቃ መካከል ነው። ጉንጯ የተቃጠለውን ልጅ ይዛ በበሩ ፊት ዞረች። ሜትሩ ሲያያት ፊቱ ተለወጠ። እንደገና እስክትዞር ጠበቀ። ከዚያ እጁን አነሣና ሙዚቃውን አስቆመ።

«ወንድ ልጅ» አለ፣ ወደ መሐል እየሄደ፣ «ቀኙን በግራው ላይ ደርቦ አይቆልፍም።»

ማንም አልገባውም። እኔ ብቻ ገባኝ። ሜትሩ ኮሌታዋን ይዞ ወደ ብርሃን ጎተታት፣ የተቆረጠ ፀጉሯን አየ፣ ጉሮሮዋን አየ። «ሴት ናት!» አለ። ሳቁ እንደ ጎርፍ መጣ። ጉንጯ የተቃጠለው ልጅ እጇን ነጠቀች። አጣቢዋ ከወንበሯ ተነሥታ «አታላኛለች!» እያለች ጓንቷን በጉርዷ ላይ ትጠርግ ጀመር።

ሜትሩ አልሳቀም። ሰፊ ነዋ፤ ስፌት ያነባል። ቁልፉን አየ፣ ትከሻውን አየ፣ ከዚያ ዓይኑ በአዳራሹ ላይ ተሻግሮ ወደ እኔ ክፍል መጣ።

«አንቺ!» አለኝ። «ነይ ውጪ። ይቺን ታውቂያታለሽ? ይህ ስፌት የማን ነው?»

ሥራዬ ታየኝ። ክፍሌ ታየችኝ። ሰው ሁሉ ዞሮ ሲያየኝ ታየኝ፤ ከሁሉ በላይ ግን ስህተቴ ታየኝ፣ በሦስት ቁልፍ ተሰልፎ፣ በአደባባይ። «እኔ ነኝ» ብል ሜትሩ ምን እንደሚል አውቃለሁ፦ የሴት እጅ የወንድ…

«አላውቃትም» አልኩ። «ደግሞስ ጋሼ፣ ሴት የወንድ ኮት አትሰፋም።»

የእግር ወለምታ ይታሻል። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም።

አየችኝ። ቁጣ ብታሳየኝ ኖሮ ዛሬ ይቀለኝ ነበር። ቤት ውስጥ ስንለማመድ ወደኋላ ልሂድ ስትል አገጯን ዝቅ ታደርግልኝ ነበር፤ እንደዚያ አገጯን ዝቅ አደረገችልኝ። ወደኋላ ሂጂ። ሄድኩ። እስከ መጨረሻው መራችኝ።

ሦስቱን ቁልፎች አንድ በአንድ ፈታች። ኮቱን አውልቃ ለሜትሩ ሰጠችውና በሸሚዟ፣ አዳራሹን ከዳር እስከ ዳር ብቻዋን አቋርጣ ወጣች።

ቤት ስደርስ ልብሷን በሻርፕ ትቋጥራለች። ስንት ነገር ማለት እችል ነበር። ያልኩት ምን መሰላችሁ? «አረማመድሽ ነው ያስያዘሽ። ዳሌሽን ታወዛውዢያለሽ» አልኳት።

ቋጠሮዋን ጠበቅ አደረገች። «ይሆናል፣ እትዬ» አለች። «ሥራሽ ተርፏል አይደል? እንኳን ተረፈ።»

በማግሥቱ ሄደች። ከእኛ ሁለት ቀን መንገድ በሚርቅ ከተማ ዳቦ ቤት ገባች አሉ። ሄጄ ላያት በየዓመቱ አስባለሁ፤ በየዓመቱ ምክንያት እሰፋለሁ። ምክንያት መስፋት ላይ የሚስተካከለኝ የለም። በሃያ ስድስተኛው ዓመት መሞቷን ሰማሁ፣ ያውም ከተቀበረች ከወር በኋላ። ያን ጊዜ ሄድኩ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት እኔ ነኝ።

አብራት ትጋግር የነበረች ሴትዮ ተቀበለችኝ። «ታላቋ ነሽ አይደል? ሁልጊዜ ነው የምታነሣሽ» አለችኝ። «በሕይወቴ ልኬ የሆነ ልብስ አንድ ብቻ ነው የለበስኩት፣ እሱንም እህቴ ናት የሰፋችልኝ ትል ነበር።»

«ስለ ቁልፉስ ያለችው አለ?» አልኳት።

ሴትዮዋ ሳቅ አለች፤ ክፉ ነገር የምትነግረኝ አልመሰላትም። «አዎ! ገና የለበሰችው ቀን ነው ያየችው። ለምን አልነገርሻትም ብላት፣ ስድስት ሳምንት ደክማ እንዴት ብዬ፤ እህቴ ስህተቷን ስትሰማ ፊቷ ምን እንደሚሆን አታውቂም፤ ክፍቱን ብለብሰው ማን ያየዋል አለችኝ።»

ማን ያየዋል። እኔ ቆልፊው እስክላት ድረስ ማንም አላየውም።

እንግዲህ ይህን ሁሉ ይዤ ነው ዓርብ ጠዋት ወደ አዳራሹ የተመለስኩት። ባለመነጽሩ ልጅ መሰላል ላይ ቆሞ አምፖል ይቀይራል። እህቴ ብትኖር እጇን ብቻ ነበር የምትዘረጋው።

«እማማ፣ ደግሞ መጡ?»

«ውረድ» አልኩት። ወረደ። «ቁልፉን ነካችሁት?»

«ነገ ነው ባለሙያዋ የምትመጣው።»

«እግዜር አተረፈህ። ያንን ሣጥን ክፈትና ግራ ብብቱ ሥር ገበሩን አራት ስፌት ፍታ። በቀኝ እጅ ሳይሆን በግራ የተሰፋ ስፌት ነው፤ ጣቴን መቀስ ቆርጦኝ ነበር። ከሥሩ ሮዝ ጨርቅ ታገኛለህ። ካላገኘህ ሁለተኛ አታየኝም።»

ልጁ ክፉ አይደለም። ነጭ ጓንት አጠለቀና ሣጥኑን ከፈተ። ስፌቱን መንካት ሲፈራ ሳይ መቀሷን ተቀብዬ ራሴ ፈታሁት። ሮዙ ወጣ። ስልሳ ዓመት ፀሐይ ስላልነካው ትናንት የገዛሁት ይመስላል። ልጁ መነጽሩን አወለቀ። ወንበር አመጣልኝና እግሬ ሥር ቁጢጥ አለ፤ እኔም እስካሁን ለእናንተ ያወራሁትን አወራሁለት።

ስጨርስ «እማማ፣ ይቅርታ» አለ። «ወረቀቱን ዛሬውኑ እቀይረዋለሁ። ስምዎን በትልቁ እንጽፋለን፤ በዚህ ከተማ የወንድ ኮት የሰፋች የመጀመሪያዋ ሴት ብለን። እሑድ ዕለት ከፊት ወንበር ይቀመጣሉ። ስለ ቁልፉና ስለዚያ ቀን ግን… ያንን ማንሣት ምን ያደርጋል? እርስዎንም ያሳዝናል።»

ሰኞ ዕለት ይህን ቢለኝ ምርኩዜን ጥዬ እደንስ ነበር። በወጣትነቴ ቢለኝማ እሞትለት ነበር። በክፍት በር በኩል ያቺን ክፍሌን አየኋት፤ አሁን መጥረጊያና ባልዲ ያስቀምጡባታል። ከዚያ ወደ ወለሉ መሐል አየሁ።

«አይሆንም» አልኩት። «የፊት ወንበርህን ለአያትህ አስቀምጥላት። አሁን ወረቀትና ብዕር አምጣና የምልህን ጻፍ፤ አንድ ቃል እንዳታሳምርብኝ። መጀመሪያ የእህቴን ስም በትልቁ፤ ስሟን በጆሮህ እነግርሃለሁ። የዚህ አዳራሽ ምርጥ መሪ ነበረች በል። ከሥሩ የእኔን፣ በትንሹ። ኮቱን ታላቋ ሰፋችላት በል። ቁልፉን ያሳሳተችው ሰፊዋ ናት፣ ቆልፊው ያለቻትም እሷው ናት፣ በሰው ፊት ስትጠየቅ አላውቃትም ያለችውም እሷው ናት ብለህ ጻፍ። ያንን የወንድ አሻንጉሊት አንሣልኝና ረጅም ሴት አቁምበት፤ አንገቷን ያልሰበረች። ባለሙያዋን ደውለህ አትምጪ በላት፤ አንድም ቁልፍ አይነካ። ኮቱን ደግሞ እንዳትቆልፈው። ክፍት ይሻላል ብላኝ ነበር። ክፍቱን ተወው።»